ሞርፊን ለታመመ ቤተሰብ፦ በሐረርና በድሬዳዋ በሕጋዊ መንገድ እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይያዛል?

«ዶክተር፣ ይህችን ወረቀት ይዤ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞርኩ፤ ሁሉም "የለም" አሉኝ።»

ዶክተር አይደለሁም፤ ከመድኃኒት መስጫ መስኮት ጀርባ የምቆም ፋርማሲስት ነኝ። ወረቀቷን ተቀብዬ ሳያት ግን ብዙ ጊዜ እንከኑ እዚያው ላይ ነው። ሞርፊኑ፣ ማለትም ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ፣ በተራ ማዘዣ ላይ ተጽፏል፣ ወይም ማኅተም የለውም፣ ወይም መጠኑ ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። ወረቀቷን ያመጣው ሰው ደግሞ ቤቱ የሚያቃስት ታማሚ ትቶ የመጣ ነው፤ እንደገና ሂድና ተሰለፍ ማለት ለእኔም ይከብደኛል። ስለዚህ በየሳምንቱ በመስኮቱ በኩል የምናገረውን እዚህ ጻፍኩት።

መመሪያው ካንሰር ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ ለምታስታምሙ ነው። መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ካናቢስ

ከሞርፊን ቀጥሎ ደጋግሜ የምጠየቀው ይህ ስለሆነ በአጭሩ ልመልስ። «ቶሮንቶ ያለችው እህቴ ለሕመም የሚሆን የካናቢስ ዘይት ይዤ ልምጣ ትላለች» የሚሉኝ አሉ። አታምጣ። ካናዳ ውስጥ በሕግ ቢፈቀድም፣ አገራችን ውስጥ ካናቢስ ለታማሚ የሚያዝ ሐኪምም የሚሸጥ መድኃኒት ቤትም የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 እንዲህ ያሉ ዕፆችን ይዞ መገኘትንም መጠቀምንም በወንጀል ያስጠይቃል። የውጭ አገር ሐኪም ደብዳቤ ድሬዳዋ አየር ማረፊያ ላይ አያድናትም። ለከባድ ሕመም በሕግ ክፍት የሆነው መንገድ እንደ ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህንም የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ይቆጣጠራቸዋል። ቁጥጥሩ ክልከላ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ይመዘገባል ማለት ነው። የወረቀቱ ብዛትም ከዚህ የመጣ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የታማሚው መታወቂያ፣ እንዲሁም መድኃኒቱን የሚረከበው ሰው መታወቂያ። ልጅ ለእናቱ ሲረከብ የሁለቱም ያስፈልጋል።
- የሪፈር ወረቀት፣ የሆስፒታል ካርድ ቁጥር፣ የናሙና ምርመራ ውጤት ካለ እርሱም።
- የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ የዘንድሮ እድሳት ያለው መታወቂያ።
- ታማሚው አሁን የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከነካርቶናቸው። ስም ጽፎ ከመምጣት ካርቶኑን ማምጣት ይሻላል፤ የመድኃኒት ስም ሲገለበጥ ይሳሳታል።
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ።
- መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው።
- የሚቆለፍ ሳጥን። የብረት መሆን የለበትም፤ ቁልፍ ያለው የልብስ ሻንጣም ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ከቀጠሮው በፊት ሕመሙን ለሦስት ቀን መዝግቡ

ታማሚውን «ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ከዚህ የባሰ ሊኖር አይችልም ማለት ነው። ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ የሚያመውን ቦታና የተሰጠውን መድኃኒት ጻፉ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቃም ጨምሩበት።

ይህ የሚጠቅመው የእኛ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ስለሚበረታ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ያደሩ አባት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ሐኪሙም ደህና ናቸው ብሎ ፓራሲታሞል ይጽፋል። ደብተሩ ግን «ሌሊት 8 ሰዓት፣ 9 ከ10፣ ወገብ» ይላል።

ደረጃ 2፦ ሪፈሩን ጨርሱ

ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። የጤና መድን አባል ሆናችሁ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል አለው፤ ድሬዳዋ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ታማሚው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መቀመጥ የማይችል ከሆነ ለቅርቡ ሆስፒታል እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። መንገዱ ላይ ያለው የደንገጎ ጠመዝማዛ አጥንቱ ለሚያመው ሰው ቀላል አይደለም።

ደረጃ 3፦ ለሐኪሙ መነገር ያለበትን ሁሉ ተናገሩ

ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ሰውነት ውስጥ ሞርፊን እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ስለዚህ መጠኑ ያንሳል ወይም መድኃኒቱ ይለወጣል። አስም ወይም ሌላ የመተንፈስ ችግር ካለ ተናገሩ። የእንቅልፍ ክኒን፣ በተለይ ዳያዜፓም፣ የሚወስድ ከሆነ ወይም መጠጥ የሚጠጣ ከሆነ አትደብቁ፤ ከሞርፊን ጋር ሲገናኙ ትንፋሽ ያዳክማሉ።

ጫትንም ንገሩ። በእኛ አካባቢ ይህን ለሐኪም መንገር የሚያፍር ሰው ብዙ ባይሆንም፣ ከሕመሙ ጋር የሚገናኝ ስለማይመስለው የሚዘለው ብዙ ነው። ጫት ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሞርፊን ደግሞ በራሱ ሆድ ያደርቃል። ሐኪሙ ካላወቀ የአንዱን ጉዳት በሌላው ያላክካል።

የጾም ጉዳይም እዚሁ ይነሳ። ታማሚው በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ቀን መድኃኒት አልወስድም የሚል ከሆነ ሐኪሙ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ ክኒን ይሆነው እንደሆነ ያያል። ቤት ገብታችሁ በራሳችሁ ሰዓት አታዛውሩ።

ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሁለት መጠን መካከል ሕመሙ ድንገት ቢነሳ ምን ያህል እንጨምር? ለሆድ ድርቀት ምን ታዟል? ካልበቃው ወይም ከበዛበት ወደ ማን እንደውል?

ደረጃ 4፦ ማዘዣውን እዚያው በሐኪሙ ፊት አንብቡት

ሞርፊን የሚጻፈው ለናርኮቲክ፣ ማለትም ጥብቅ ቁጥጥር ለሚደረግባቸው እንደ ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶች በተዘጋጀ ልዩ ማዘዣ ላይ ነው። በተራው ማዘዣ ላይ ከተጻፈ የትኛውም ፋርማሲስት ቢያዝንላችሁም ሊሰጣችሁ አይችልም። እነዚህን ተመልከቱ፦

- የታማሚው ሙሉ ስም ከነአያት፣ በመታወቂያው ላይ እንዳለው። «መሐመድ» በአንዱ፣ «ሙሐመድ» በሌላው ከሆነ ከአሁኑ ይስተካከል።
- ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀን።
- የመድኃኒቱ ዓይነትና ጥንካሬ፦ ፈሳሽ ነው ወይስ ክኒን? ስንት ሚሊ ግራም?
- ጠቅላላ መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ቢጻፍ ይመረጣል። በአኃዝ ብቻ የተጻፈ 10 አንድ ዜሮ ቢጨመርበት 100 ይሆናል፤ እኛም የምንጠረጥረው ይህንኑ ነው።
- የሐኪሙ ስም፣ ፊርማና ማኅተም።

ስህተት ካለ ሐኪሙ ራሱ አዲስ ይጻፍ። እናንተ በእስክሪብቶ አንዲት ፊደል እንኳ አታርሙ። ሐሳባችሁ ንጹሕ ቢሆንም የተደለዘ የናርኮቲክ ማዘዣ እንደ ሐሰተኛ ሰነድ ይታያል።

ደረጃ 5፦ ከመድኃኒት ቤቱ መረከብ

መጀመሪያ ማዘዣው የተጻፈበትን ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ጠይቁ። ናርኮቲክ የሚይዙ መድኃኒት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ድሬዳዋ ላይ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ሰፈር በባጃጅ መዞር ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። ዋናውን ወረቀት ያዙ፤ ፎቶ ኮፒም በስልክ የተነሳ ፎቶም አያገለግልም። መድኃኒቱ ሲሰጣችሁ ዋናው ወረቀት እዚያው ይቀራል፣ የተረካቢው ስምም ይመዘገባል። ስለዚህ ከማስረከባችሁ በፊት ለራሳችሁ ፎቶ አንሱት፤ በኋላ «ምን ነበር የታዘዘው?» ስትባሉ ይጠቅማችኋል።

ካለቀ «መቼ ይገባል? ማን ጋር ልጠይቅ?» ብላችሁ ስልክ ተቀበሉና ወዲያው ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ፈሳሹ ጠፍቶ ክኒኑ ሊኖር ይችላል፤ የሚቀይረው ግን ሐኪሙ በአዲስ ማዘዣ ነው። የጤና መድን አባላት ከውጭ ከመግዛታችሁ በፊት ገንዘቡ የሚተካበትን ሁኔታ ጠይቁ።

መስኮቱ ላይ ሳላችሁ የጠርሙሱን ጽሑፍ፣ ማብቂያ ቀኑንና ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን እዩ። ከዚያ ቁጠሩ። ለምሳሌ በቀን 6 ጊዜ 5 ሚሊ ግራም ከታዘዘ በቀን 30፣ በ10 ቀን 300 ሚሊ ግራም ነው። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ 150 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። የተሰጣችሁ 100 ከሆነ በሰባተኛው ቀን ላይ ያልቃል፤ ይህን ዓርብ ማታ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ በሲሪንጅ ለኩ፣ በማንኪያ አይሁን

ሚሊ ግራም የመድኃኒቱ መጠን፣ ሚሊ ሊትር የፈሳሹ መጠን ነው። ከላይ ባለው ጠርሙስ 5 ሚሊ ግራም የሚገኘው በ2.5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው። «አምስት ተብሏል» ብሎ 5 ሚሊ ሊትር የቀዳ ሰው እጥፍ ሰጥቷል። የሻይ ማንኪያ ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል።

ፋርማሲስቱ ሲሪንጁ ላይ የእናንተን መጠን በቀይ እስክሪብቶ እንዲያሰምርላችሁ ጠይቁ። መስመሯ ላይ ጥርት ያለ ፕላስተር ለጥፉበት፤ አለበለዚያ በሁለት ቀን እጥበት ትጠፋለች። ከአዲስ ጠርሙስ ጋር ግን አሮጌውን መስመር አትመኑ፤ ጥንካሬው ሊለይ ስለሚችል እንደገና ይሰመር።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱን ጠብቁ

አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት «በየአራት ሰዓቱ ስጪው» አልኩና ሸኘኋት። በሳምንቱ ተመልሳ «ልጄ፣ ባሌን አልያዘለትም» አለችኝ። እንዴት ነው የምትሰጪው ስላት «እንዳልከኝ ነዋ፣ በአራት ሰዓት፤ ጠዋት አራት ሰዓትና ማታ አራት ሰዓት።» በቀን 6 ጊዜ መውሰድ የነበረባቸው ሰውዬ 2 ጊዜ ብቻ ወስደው ከርመዋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓቶቹን ዘርዝሬ በወረቀት እጽፋለሁ።

በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ለመያዝ የሚመች ነው፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4፣ ሌሊት 8። አሥራ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፤ ከዚያ ያው ይደገማል። ወረቀቱ ላይ 6፣ 10፣ 2 ተብሎ ከተጻፈ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል አረጋግጡ። የሌሊቱን 8 ሰዓት ሐኪሙ በሌላ መንገድ ካስተካከለላችሁ እርሱን ተከተሉ።

ሕመሙ እስኪመጣ የማይጠበቀው ለምንድን ነው? ፈሳሹ ሞርፊን የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ሕመም አንዴ ከበረታ በኋላ ለማውረድ ብዙ መጠን ይጠይቃል፤ በሰዓቱ የተሰጠ ትንሽ መጠን ግን ሳይነሳ ይይዘዋል። ሰዓት ካመለጣችሁ ሁለቱን አጋጥማችሁ አትስጡ።

በየ12 ሰዓቱ የሚወሰደው ክኒን ሌላ ነው። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ስለሆነ አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ አይታኘክም፤ ከተፈጨ የ12 ሰዓቱ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። መዋጥ ያቃተውን ሰው «በሾርባ በጥብጬ ሰጠሁት» ማለት የሚያስደነግጠኝ ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳትዘገዩ እርዳታ የምትጠሩባቸው ምልክቶች

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ድብት ማለትና ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፤ ለማቅለሽለሹ መድኃኒት አለው። ተጠርቶ የሚነቃና የሚያናግር ሰው ተኝቷል ማለት ነው፤ ብዙዎች በሕመም ያጡትን የሳምንታት እንቅልፍ ነው የሚተኙት። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢታይበት፦

- ቢጠሩት፣ ቢነቀንቁት የማይነቃ፣
- ትንፋሹ ሲቆጠር በደቂቃ ከ8 በታች የሆነ፣
- የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ፣ ከንፈሩም የጠቆረ፣

ቀጣዩን መጠን አትስጡ፣ በጎኑ አስተኙት፣ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ ወይም በቅርቡ ባለ መኪና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። «ሞርፊን ይወስዳል» ብላችሁ ከበር ተናገሩ፤ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፣ ቶሎ የሚሰጠው ምክንያቱን ካወቁ ነው።

ደረጃ 8፦ ለሆድ ድርቀቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ

ማቅለሽለሹ በቀናት ይለቃል፤ ድርቀቱ ግን መድኃኒቱ እስካለ አብሮ ይኖራል። ሞርፊን የአንጀትን እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ ብዙ ጊዜ ቢሳኮዲል የመሰለ አንጀት የሚያነቃቃ ክኒን አብሮ ይታዘዛል። ካልታዘዘ ጠይቁ። ከዚህ ጋር ውሃ፣ ፓፓያ፣ አቅም ካለ ትንሽ መንቀሳቀስ።

ተልባ ላይ ተጠንቀቁ። ለጤናማ ሰው ይበጃል፤ ተኝቶ ለሚውልና ውሃ በደንብ ለማይጠጣ የሞርፊን ታማሚ ግን የዘገየ አንጀት ውስጥ አብጦ ይደፍናል። ሦስት ቀን ካልወጣ፣ ሆዱ ከተነፋና ካስመለሰው ወደ ሐኪም ውሰዱት። ብዙ ቤተሰብ ሞርፊንን የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሕመሙም ይመለሳል።

ደረጃ 9፦ ማስቀመጥና ይዞ መንቀሳቀስ

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክ እዩ። የድሬዳዋ ሙቀት ቀላል አይደለም። ሰው መድኃኒትን ከልጅ ለማራቅ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያስቀምጣል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቤት ግን ከሁሉ የሚሞቀው ያ ቦታ ነው። የተቆለፈውን ሳጥን ወለል አጠገብ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ በኩል አድርጉት። ቁልፉ ከአንድ ሰው አንገት ላይ ይዋል። ወደ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ፈጽሞ አትገልብጡት፤ የጠማው ልጅ ያነሳዋል።

ከሐረር ድሬዳዋ ስትመላለሱ መድኃኒቱ በራሱ ጠርሙስ፣ ከነጽሑፉ፣ ከሕክምና ወረቀት ኮፒ ጋር ይሁን፤ ለመንገዱ የሚበቃውን ብቻ ያዙ። ፍተሻ ካለ ራሳችሁ ቀድማችሁ አሳዩ። በባቡር ጅቡቲ ለመሻገር ካሰባችሁ ግን የእኛ ማዘዣ ብቻውን በሌላ አገር አይበቃም፤ ከመነሳታችሁ በፊት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ነጻ መስመር 8482 ጠይቁ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጠርሙሱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው መምጣት። ቢያንስ ለአምስት ቀን የሚበቃ ሲቀር ተነሱ፤ ሐኪሙ ላይገኝ፣ በዓል ሊሆን፣ መድኃኒቱም ሊያልቅ ይችላል። የቆየ ታማሚ ሞርፊን ድንገት ሲቋረጥበት ሕመሙ ከመመለሱ በላይ ያልበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል። መቀነስ ካለበት በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው።

«መርፌ ካልሆነ አይሠራም» ማለት። መዋጥ ለሚችል ሰው የሚመረጠው በአፍ የሚወሰደው ነው፤ በየ4 ሰዓቱ ቤት መጥቶ የሚወጋ ሰው ከየት ይመጣል?

ሱስ ይሆንበታል ብሎ መጠኑን በድብቅ ግማሽ ማድረግ። ሐኪሙ «አልያዘለትም» ሲባል መጠኑን ይጨምራል፤ በኋላ ሌላ ሰው አስታማሚ ሆኖ የታዘዘውን ሙሉ መጠን ሲሰጥ አደጋው ያኔ ይመጣል። ፍርሃቱ ካለ ለሐኪሙ ንገሩት።

ያለ ማዘዣ ከመንገድ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መግዛት፣ ወይም በሞርፊኑ ላይ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ሌላ ማስታገሻ በየቀኑ መጨመር። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁለተኛው ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ለጎረቤት ማካፈል። ለእናንተ አባት የተለመደው መጠን፣ ሞርፊን ወስዶ ለማያውቅ ሰው ትንፋሽ የሚያቆም ሊሆን ይችላል። በሕግም መድኃኒቱ የተፈቀደው ስሙ ማዘዣው ላይ ለተጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ የተረፈውን መመለስ

ታማሚው ሲሻለው፣ መድኃኒቱ ሲቀየር ወይም ሲያርፍ የተረፈው ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ለቅሶ ላይ ይህን ማሰብ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቤቱ በሰው የሚሞላበት፣ ልጆች ክፍል ለክፍል የሚሯሯጡበት ቀን ስለሆነ ግን ቢያንስ ሳጥኑ እንደተቆለፈ ከቤት ውጭ ላለ አንድ ዘመድ ይሰጥ። ከሰልስት በኋላ ወደ ሰጣችሁ መድኃኒት ቤት መልሱት። ወደ መጸዳጃ ወይም ወደ ቆሻሻ ገንዳ አትጣሉት። ስትመልሱ ጠርሙሱን ከፍተን ቀሪውን በፊታችሁ እንለካለን፣ መዝገቡ ላይ እንጽፈዋለን፣ እናንተም ትፈርማላችሁ። ሲሪንጁን መመለስ አያስፈልግም።